ዓይኑ፣ እጁና እቶኑ፤ የጥርስ ላቦራቶሪ ስለሚገዛቸው የስካነርና የሚሊንግ መሣሪያዎች የቀረበ ዳሰሳ

የጥርስ ላቦራቶሪ የሚያስተዳድር ሰው በዛሬው ዘመን ከሚገጥሙት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ፣ ቀደምት ባለሙያዎች ባስረከቡት በሰም፣ በጀሶና በማቅለጫ ይቀጥል ወይስ የጥርስን ቅርጽ በብርሃን የሚያነብ ስካነርና ያነበበውን ከዚርኮኒያ ጠርቦ የሚያወጣ የሚሊንግ ማሽን ይግዛ የሚለው ነው። ጥያቄው በአፍ ሲነገር አንድ ይመስላል፤ መልሱም «እገዛለሁ» ወይም «አልገዛም» ብሎ የሚያልቅ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች ተጠቅልለው ይገኛሉ፤ ይኸውም የሚያየው ዓይን፣ የሚጠርበው እጅና የሚያጠነክረው እቶን የየራሳቸው ታሪክ፣ የየራሳቸው ዋጋና የየራሳቸው የእርጅና ዘመን ያላቸው ሦስት ንብረቶች ስለ ሆኑ፣ በአንዱ ላይ የተሰጠው ፍርድ ለሌላው አይሆንም። ሻጮች ሦስቱን በአንድ ፕሮፎርማ ጠቅልለው ማቅረባቸው ለንግዳቸው የተመቸ በመሆኑ አያስወቅሳቸውም፤ ገዢው ግን ጥቅሉን ሳይፈታ የፈረመ እንደ ሆነ፣ የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው ጋር አብሮ ለብዙ ዓመታት ሲከፍል ይኖራል። የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ጥቅሉን መፍታት ነው።

ከሰም ወደ ብርሃን

የላቦራቶሪው ሥራ ለብዙ ዘመን የቆመው በሁለት መሠረቶች ላይ ነበር። አንደኛው የዲትሮይቱ የጥርስ ሐኪም ቻርልስ ላንድ በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜና በ20ኛው መባቻ ያስፋፋው የፖርሴሊን ክራውን ነው። ሁለተኛው ዊልያም ታጋርት እ.ኤ.አ. በ1907 በኒው ዮርክ ለሙያ ባልደረቦቹ ያሳየው፣ በሰም ቀርጾ፣ ሰሙን በእሳት አጥፍቶ፣ ሰሙ በተወው ባዶ ስፍራ ወርቅ የማፍሰስ ጥበብ ነው። ጥበቡ ለጥርስ ሕክምና አዲስ ነበረ እንጂ በራሱ ጥንታዊ ነው፤ በአገራችንም የመጾር መስቀሎችን የሠሩ አንጥረኞች በሰም ቀርጾ ናስ ማፍሰስን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ በተሰጡ የባለቤትነት መብቶች ፖርሴሊንን ከብረት ጋር አጣብቆ የመተኮስ ዘዴ ሲጸና፣ ሁለቱ መሠረቶች ተዋሐዱ፤ ከዚያ በኋላ ከበታቹ ብረት፣ ከበላዩ ፖርሴሊን የሆነው ክራውን የዓለም ላቦራቶሪዎች የዕለት እንጀራ ሆነ።

ይህን ሥርዓት ያናወጠው፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት የኮምፒዩተር መምጣት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ800 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲወጣ ላቦራቶሪዎች ፊታቸውን ወደ ኒኬል ውሑዳን አዞሩ፤ ነገር ግን በተለይ በስካንዲኔቪያ አገሮች ኒኬል በቆዳና በድድ ላይ የሚያስከትለው አለርጂ ብዙ ሥጋት አስነሣ። ለሰውነት የሚስማማው ቲታኒየም ደግሞ የሚቀልጠው በ1,668 ዲግሪ ሴልሺየስ ከመሆኑም በላይ፣ በጋለ ጊዜ ከኦክስጅን ጋር ፈጥኖ ስለሚዋሐድ በተለመደው ማቅለጫ እሺ የሚል አልሆነም። ሊቀልጥ ያልወደደውን ብረት መጥረብ ግድ ሆነ። እንግዲህ በኮምፒዩተር ነድፎ በማሽን መጥረብ፣ ካድ ካም የሚባለው ጥበብ፣ ከተወለደባቸው ምክንያቶች አንዱ የፍጥነት ምኞት ሳይሆን የብረት ዋጋና የብረት ጠባይ ነበር፤ ይህንም ማስታወስ የሚጠቅመው፣ ዛሬም ቢሆን የማሽኑን ዓይነት የሚወስነው ማሽኑ ራሱ ሳይሆን የሚጠረበው ቁስ ስለ ሆነ ነው።

ሦስት መሥራቾች፣ ሦስት ፍኖቶች

በጥበቡ መነሻ ላይ ሦስት ስሞች ይገኛሉ፤ የሚደንቀውም ዛሬ በገዢዎች መካከል የሚደረገው ክርክር ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ሰዎች ሐሳብ ውስጥ አስቀድሞ መገኘቱ ነው።

ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዱሬ እ.ኤ.አ. በ1973 በሊዮን ባቀረበው የዶክትሬት ድርሳን፣ በአፍ ውስጥ ያለውን ጥርስ በሚጣበቅ ልክ መውሰጃ ሳይሆን በብርሃን መለካት እንደሚቻል ገለጠ፤ በኅዳር 1985ም በፓሪስ የፈረንሳይ የጥርስ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ በባለቤቱ አፍ ውስጥ ያለውን ጥርስ ለክቶ፣ በኮምፒዩተር ነድፎ፣ በማሽን ጠርቦ በአንድ ሰዓት ገደማ ክራውን አበጀ። በዚያው ዓመት መስከረም 19 ቀን በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቨርነር ሞርማን፣ ከመሐንዲሱ ከማርኮ ብራንዴስቲኒ ጋር ባዘጋጀው ሴሬክ በተባለ መሣሪያ፣ በሽተኛው ከወንበሩ ሳይነሣ ከሴራሚክ የተጠረበ ሙሌት በጥርሱ ውስጥ አኖረለት። ስዊድናዊው ማትስ አንደርሶን ግን ሌላ ፍኖት መረጠ። እርሱ በጀመረው ፕሮሴራ በተባለው ሥርዓት፣ ላቦራቶሪው በእጁ የሚይዘው የጀሶውን ሞዴል በጥቃቅን ዳሰሳ የሚያነበውን መሣሪያ ብቻ ነበር፤ የተነበበው ቁጥር በስልክ መስመር ወደ ስዊድን ተልኮ፣ መጥረቡና መተኮሱ በዚያ በአንድ ታላቅ ፋብሪካ ተፈጽሞ፣ የተጠናቀቀው ውስጠኛ ቆብ በፖስታ ይመለስ ነበር።

ዱሬ ዓይኑንም እጁንም አንድ ላይ አኖረ፤ ሞርማን ሁለቱን ወደ ሐኪሙ ወንበር አቀረበ፤ አንደርሶን ዓይኑን በላቦራቶሪው ትቶ እጁንና እቶኑን ወደ ሩቅ አገር ወሰደ። የመጨረሻው ሐሳብ ለመካከለኛ ላቦራቶሪ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ማንበብና መጥረብ ተለያይተው መኖር እንደሚችሉ ገና ከመነሻው በተግባር አሳይቷልና።

ዚርኮኒያና የእቶኑ ምስጢር

የዚርኮኒየም ኦክሳይድን ጀርመናዊው ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1789 ቢሆንም፣ ለጥርስ የሚበቃ ጥንካሬ እንዳለው የታመነው ግን በ1975 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሲሰነጠቅ ራሱን የሚያጥር ሴራሚክ መሆኑን ከገለጡ በኋላ ነው። ስንጥቅ በሚጀምርበት ስፍራ ያሉት ቅንጣቶች ቅርጻቸውን ለውጠው ይፋፋሉ፤ ተፋፍተውም ስንጥቁን ያፍኑታል። ይህ ቁስ ሙሉ በሙሉ ከተተኮሰ በኋላ ለመጥረብ እጅግ አድካሚ ስለ ሆነ፣ በዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው መፍትሔ ገና እንደ ጠመኔ ለስላሳ ሳለ መጥረብና ከዚያ በኋላ በ1,500 ዲግሪ አካባቢ መተኮስ ሆነ። በተተኮሰ ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር፣ ማሽኑ ክራውኑን በዚያው ልክ አተልቆ ይጠርበዋል። የመኮማተሩ መጠን ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው ስለሚለያይ አምራቹ በየጠፍጣፋው ላይ ቁጥሩን ያትማል፤ ሠራተኛው ያን ቁጥር ሳያስገባ የጠረበ እንደ ሆነ፣ ዓይኑም እጁም ፍጹማን ሆነው ሳለ ሥራው ከእቶን የሚወጣው ጠብቦ ወይም ሰፍቶ ነው። ብልሽቱን በማሽኑ ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ትንሽ ቁጥር ይገኛል።

ዚርኮኒያ አንድ ቁስ አይደለም። በውስጡ ያለው የይትሪያ መጠን 3 ሞል በመቶ የሆነው ጠንካራና ብርሃን የማያሳልፍ፣ ወደ 5 የተጠጋው ደግሞ ይበልጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ግን ጥንካሬው የቀነሰ ነው። ከእነዚህ ሌላ ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሚባለው መስታወታዊ ሴራሚክ አለ፤ ሰማያዊ ሆኖ ይጠረብና በ850 ዲግሪ ገደማ ሲተኮስ የጥርስ መልክ ይይዛል። ልዩነቱ የኬሚስቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፣ ለስላሳው ዚርኮኒያ በደረቁ ተጠርቦ ትቢያውን በመምጠጫ ማስወገድ ሲበቃው፣ መስታወታዊው ሴራሚክ ግን በውኃ እየቀዘቀዘ መፈጨት አለበት። ሁለቱን በአንድ ማሽን እሠራለሁ የሚል ገዢ በመካከል የሚደረገውን ማጠብና ማድረቅ ከሥራው ሰዓት ላይ መቀነስ ይኖርበታል። ኮባልት ክሮምን ወይም ቲታኒየምን ድፍኑን ልጥረብ የሚል ደግሞ ክብደቱም ጉልበቱም ከእነዚህ እጅግ የሚልቅ ማሽን ያስፈልገዋል፤ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ቀላል ማሽን ይህን ሁሉ ያደርጋል የሚል የሽያጭ ቃል ሲሰማ፣ በየቁሱ የተሠራ ናሙና ማየትን የመሰለ መፈተኛ የለም።

ትክክለኛነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ትክክለኛነት» የሚለውን ቃል ሳይፈታ ይሮጣል። በመለካት ጥበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አንዱ የተለካው ለእውነተኛው መጠን መቅረቡ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደጋግሞ ሲለካ ያው ውጤት መምጣቱ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሚሳሳት ስካነር ሁለተኛውን አሟልቶ የመጀመሪያውን ሊያጎድል ይችላል። አይ ኤስ ኦ 12836 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለጥርስ ሥራ የሚያገለግሉ ስካነሮች እንዴት እንደሚፈተኑ የሚደነግገው ስለዚህ ነው፤ ሻጭ «የ5 ማይክሮን ስካነር ነው» ሲል በምን ሥርዓት እንደ ተለካ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነውም ስለዚሁ ነው።

በሌላ በኩል ክራውኑ ከጥርሱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ፣ ኅዳጉ፣ ምን ያህል ክፍተት ሊታገሥ ይችላል የሚለው ጥያቄ አለ። ጆን ማክሊንና ፎን ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት፣ ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ሥራዎችን ለ5 ዓመታት ተከታትለው 120 ማይክሮን የሚታገሡት ዳርቻ እንደ ሆነ ጻፉ፤ ያም ቁጥር እስከ ዛሬ በየጥናቱ ይጠቀሳል። በሰም ተቀርጾ የፈሰሰውም በማሽን የተጠረበውም በደህና እጅ ሲሠሩ ከዚህ ዳርቻ በታች ይውላሉ። እንግዲህ «ማሽን ከእጅ ይበልጣል» የሚለው ወገን በኅዳጉ ነገር ማስረጃው እንደሚናገረው ያህል የበረታ አይደለም። የሚበረታው ሥራው በየቀኑ አንድ ዓይነት ሆኖ በመውጣቱ፣ ነድፎ በማስቀመጡና ክራውኑ በተሰበረ ጊዜ በሽተኛውን እንደገና ሳይጠሩ ያንኑ ደግሞ በመጥረቡ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ነገር አለ። የማሽኑ የሚጠርበው ጫፍ ክብ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ ጥርሱን ሲሞርድ ከጫፉ የቀጠነ ስለታም ጠርዝ የተወ እንደ ሆነ፣ ማሽኑ ያን ጠርዝ ለማስገባት ሲል በክራውኑ ውስጥ ከሚገባው በላይ ይቦረቡራል፤ ክራውኑም በዚያ ስፍራ ይሳሳል፣ ይላላልም። ሰም የሚቀርጽ ባለሙያ ይህን ስለት በጣቱ ተከትሎ ይሞላው ነበር። ስለዚህ የማሽን መግዛት ውሳኔ የላቦራቶሪው ብቻ ሳይሆን ሥራ የሚልኩለት ሐኪሞች የሚሞርዱበትን ልማድ የሚለውጥ ውሳኔ ነው፤ ሐኪሞቹ ጠርዙን አለስልሰው መሞረድ ካልጀመሩ ማሽኑ የገንዘቡን ያህል ሊሠራ አይችልም።

በአፍ ውስጥ ስለሚኖረው ዕድሜም ማስረጃው ለሁለቱም ወገን ትሕትናን ያስተምራል። ኢሬና ሳይለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሰፊ ንጽጽር፣ ከ5 ዓመት በኋላ በብረት ላይ የተተኮሱት ነጠላ ክራውኖች 94.7 በመቶ ያህሉ ሲጸኑ፣ የዚርኮኒያዎቹ 92.1 በመቶ ነበሩ። በዚርኮኒያው ላይ የታየው ድካም በአብዛኛው ከራሱ ከዚርኮኒያው ሳይሆን በላዩ ከሚተኮሰው የፖርሴሊን ልባስ መላጥ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ልባስ የሌለው፣ ድፍን ዚርኮኒያ ክራውን የበዛው ስለዚህ ነው። ድፍኑ ክራውን ግን ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስ እንዳይበላ በጥንቃቄ መወልወል አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ማሽን ሳይሆን የቴክኒሻኑ እጅ ነው።

የተዘጋ ማኅደርና የተከፈተ ማኅደር

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ አምራች ስካነሩን፣ የመንደፊያውን ሶፍትዌር፣ ማሽኑንና የሚጠረበውን ቁስ ሁሉ ራሱ ይሸጥ ነበር፤ አንዱን የገዛ ሁሉንም ለመግዛት ይገደድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ለስሪዲ ኅትመት የተበጀው ኤስ ቲ ኤል የተባለው የፋይል ዓይነት ወደ ጥርስ ሥራ ሲገባ፣ ከአንዱ ስካነር የወጣ ቅርጽ በሌላው ማሽን ሊጠረብ ቻለ፤ በ2000 በኮፐንሄገን የተመሠረተው ስሪሼፕና በ2010 በዳርምሽታት የተመሠረተው ኤክሶካድ የመንደፊያ ሶፍትዌርን ከማሽኑ ለይተው የሚሸጡ ስመ ጥር ድርጅቶች ሆኑ። የተዘጋው ሥርዓት ወዳጆች ብልሽት ሲገጥም ኃላፊው አንድ ነው፣ አምራቾች እርስ በርሳቸው አይካሰሱም ይላሉ፤ ይህም እውነት አለው። የተከፈተው ወዳጆች ደግሞ የዚርኮኒያው ዋጋ ሲወደድ ወይም አቅራቢው ሲጠፋ ሌላ በር ይኖራል ይላሉ። አቅራቢው በሩቅ አገር፣ የውጭ ምንዛሪው በጠባብ በር ለሆነበት ላቦራቶሪ፣ የሁለተኛው ክርክር ክብደት የሚበልጥ ይመስለኛል። ነገር ግን «ክፍት» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት፤ ፋይሉን አውጥቶ የሚሰጥ ሶፍትዌር የዓመት ፈቃዱ ሲያልቅ ሥራውን የሚያቆም ከሆነ፣ ክፍትነቱ እስከሚቀጥለው ክፍያ ድረስ ብቻ ነው።

ሒሳቡ

ስለ ሒሳቡ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው፣ ለሌላ ላቦራቶሪ የሚከፈለው የመጥረቢያ ዋጋ በቤት ከቀረ ማሽኑ ራሱን ይከፍላል ይላል። ሁለተኛው፣ ማሽን በማይሠራበት ሰዓት ሁሉ ይበላል እንጂ አያበላም ይላል። ሁለቱም እውነት የሚናገሩት በወር ለሚመጣው ሥራ ብዛት የተለያየ ግምት ይዘው ነው። ለስሌት ያህል፣ ስካነሩ፣ ማሽኑና እቶኑ በጠቅላላው 6,000,000 ብር ቢፈጁና በ5 ዓመት ቢከፈሉ፣ ወለዱ ሳይታሰብ በየወሩ 100,000 ብር ይደርሳል፤ በወር 40 ክራውን ለሚሠራ ላቦራቶሪ በየክራውኑ 2,500 ብር ሲወድቅበት፣ 200 ለሚሠራው ግን 500 ብር ብቻ ይወድቅበታል። የቁሱ፣ የሚጠርበው ጫፍ፣ የመብራቱና የጥገናው ወጪ ከዚህ በላይ ይታከላል፤ አንዱ 98 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ከሃያ በላይ ክራውን ሊያወጣ ሲችል፣ ሥራ ጥቂት ከሆነ ግን ግማሹ ሳይጠረብ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከላይ የተፈታውን ጥቅል እንደገና እንመልከተው። ስካነርና ሶፍትዌር ዋጋቸው ከማሽኑ ያነሰ፣ የሚፈልጉት ኃይል ጥቂት፣ የሚያስተምሩት ግን ብዙ ነው፤ ቴክኒሻኑ መንደፍን የሚማረው በእነርሱ ነውና። ማሽኑ በአንጻሩ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ያሉት፣ የሚበላ፣ ጥገና የሚጠይቅ ነው። ሥራው ገና ያልበዛለት ላቦራቶሪ ዓይኑን ቀድሞ ገዝቶ፣ መጥረቡን ማሽን ላለው ሌላ ላቦራቶሪ እየላከ አንድ ሁለት ዓመት ቢቆይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚላከው ቁጥር ራሱ ማሽን መግዛቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን በግልጥ ይነግረዋል። ተቃዋሚዎች ደግሞ የመላኪያው ጊዜ ደንበኛ ያስኮበልላል ይላሉ፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ይህ ክርክር ይደክማል፣ ሥራው የጉምሩክ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ግን ይበረታል።

በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ

በፋብሪካው መግለጫ ውስጥ በትንሽ ፊደል የሚጻፍ፣ ለአገራችን ገዢ ግን ትልቅ የሆነ ነገር አለ። አይ ኢ ሲ 61010 የሚባለው የላቦራቶሪ መሣሪያዎች የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደረጃ መደበኛ ብሎ የሚወስደው ከፍታ እስከ 2,000 ሜትር ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎች የሚወስዱት ሙቀት ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሰሩም በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ያነሰ አየር ይሰጣል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ኮምፕሬሰሩን ከታዘዘው ከፍ አድርጎ መግዛትና አምራቹ መሣሪያው በዚህ ከፍታ እንደሚሠራ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ነው። ሳይጠየቅ የቀረ እንደ ሆነ ግን የዋስትናው ቃል በክርክር ቀን ምንም ላያደርግ ይችላል።

የመብራት መቋረጥ ለሦስቱም አካላት እኩል ሥጋት አይደለም። ስካነር ቢጠፋ ተመልሶ ይበራል፤ ማሽን በመጥረብ መካከል ቢቆም ቢበዛ አንድ ክራውን ያጠፋል፤ ለሰዓታት የሚተኩሰው እቶን ግን በመካከል ቢቆም በውስጡ ያለው የብዙ በሽተኞች ሥራ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። በመጠባበቂያ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ላይ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ እንግዲህ አስቀድሞ የሚገባው እቶኑ ነው።

ስለ ምንዛሪ ደግሞ፣ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ተበድሮ ማሽኑን አስቀድሞ የገዛ ሰው ከዕዳው በኩል ተጠቀመ፤ ነገር ግን ዚርኮኒያው፣ የሚጠርበው ጫፍና የሶፍትዌሩ ፈቃድ በየዓመቱ በዶላር የሚገዙ ስለ ሆኑ፣ ከገዛ በኋላ ያለው ወጪ እጥፍ ተጠጋበት። አንድ ጊዜ የሚከፈለውን ዋጋ አነጻጽሮ በየዓመቱ የሚደጋገመውን መርሳት በሒሳቡ ውስጥ ትልቁ ስሕተት ነው።

ለዚህ አገር ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ብዙ ፍሎራይድ የብዙ ወገኖቻችንን ጥርስ ቡናማ አድርጎታል፤ ከወንጂ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የተጠና ጉዳይ ነው። ይህን ጥርስ ለመሸፈን ብርሃን የሚያሳልፈው፣ ውብ የሚባለው ዚርኮኒያ ከሥር ያለውን ቡናማ ገልጦ ሊያሳይ ይችላል፤ ብርሃን የማያሳልፈው ደግሞ ይሸፍናል ነገር ግን የሞተ ያስመስላል። በአውሮፓ ደንበኛ ግምት የተዘጋጀ የቁስ ዝርዝር ለዚህ በሽተኛ አይበቃም፤ ስለዚህ ገዢው ናሙና ሲያስጠርብ በቡናማ ዳራ ላይ አስቀምጦ ቢመለከት ብዙ ጸጸት ያድናል።

ገና ያልተፈታው

ሁለት ነገሮች ይህን ዳሰሳ ራሱን ያናውጡታል። የመጀመሪያው በጨረር ሙጫ የሚያትመው የስሪዲ ፕሪንተር ነው። ሞዴል፣ የቀዶ ሕክምና መምሪያና ጊዜያዊ ክራውን በእርሱ መሥራት ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ቋሚ ክራውንንም ያትማሉ የሚባሉ ሙጫዎች በገበያ አሉ፤ ዚርኮኒያ ያለውን ዓይነት የብዙ ዓመት የአፍ ውስጥ ማስረጃ ግን ገና አልያዙም። ጠርቦ ከማውጣት ይልቅ ደርቦ ማውጣት ያሸንፍ እንደ ሆነ፣ ዛሬ የተገዛው የሚሊንግ ማሽን ከዕዳው ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል።

ሁለተኛው ከላይ «ዓይኑን ቀድማችሁ ግዙ» ያልሁትን ምክር የሚፈታተን ነው። ሐኪሞች በአፍ ውስጥ የሚያነብ ስካነር እየገዙ ሲሄዱ፣ ወደ ላቦራቶሪው የሚመጣው የጀሶ ሞዴል ሳይሆን ፋይል ይሆናል፤ የላቦራቶሪው ስካነርም ሥራው ይቀንሳል። ዓይኑ ወደ ሐኪሙ ይሻገራል ማለት ነው። ሆኖም የአፍ ውስጥ ስካነር ጥርሶችን ጥቂት በጥቂት እያነበበ ሥዕሎቹን ስለሚያገጣጥም፣ በነጠላ ክራውን የማይታየው ጥቃቅን ስሕተት ከአንድ መንጋጋ ዳር እስከ ሌላው ዳር ሲሄድ እየተደመረ ይመጣል፤ በመንጋጋው ሙሉ በብሎን በተተከሉ ሥሮች ላይ የሚታሰር ድልድይ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው የጀሶው ሞዴልና የጠረጴዛው ስካነር ዛሬም አልተሻሩም። የአንድ ላቦራቶሪ ባለቤት ባለፈው ዓመት ከተቀበላቸው ሥራዎች ስንቱ ነጠላ ክራውን፣ ስንቱ ረጅም ድልድይ፣ ስንቱ ሙሉ መንጋጋ እንደ ነበር ከመዝገቡ ሳይቆጥር ፕሮፎርማ ቢጠይቅ፣ የትኛው ስካነር ለማን እንደሚቀር የሚያውቅበት መንገድ የለውም።